አምፔሩን ብቻ አይታችሁ አትግዙ፦ ስለ ድሮን ስፒድ ኮንትሮለር ለጠየቃችሁን

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከሰሜን ሸዋ ናቸው፤ ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከእነዋሪ። የሚገርመው ሁሉም አንድ ዕቃ ላይ ይገናኛሉ። በባትሪውና በሞተሩ መካከል ተቀምጣ የሞተሩን ፍጥነት የምትቆጣጠረው ስፒድ ኮንትሮለር ላይ። ብዙ ሰው ገንዘቡን ካሜራና ፍሬም ላይ ይጨርስና ለእሷ የተረፈውን ነው የሚያወጣው። እኔ ተቃራኒውን እንድታደርጉ እፈልጋለሁ። ካሜራ ቢበላሽ ፎቶ ይቀራል፤ እሷ ከተበላሸች ግን ድሮኗ እንዳለች ትወርዳለች።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ደብረ ብርሃን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። አራት ሆነን ለመመረቂያ ፕሮጀክት ባለ 5 ኢንች ፕሮፔለር ድሮን እየሠራን ነው። ሞተሩ 2207፣ 1950 ኬቪ ነው፤ ባትሪው ባለ 6 ሴል። አዲስ አበባ ያገኘነው ነጋዴ ባለ 30፣ ባለ 45 እና ባለ 60 አምፔር ስፒድ ኮንትሮለር አለኝ ብሎናል። ባለ 30ዋ በዋጋ በጣም ትረክሳለች። ትበቃናለች?

መልስ፦ አትበቃችሁም። ባለ 45ቷን ውሰዱ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱን ካወቃችሁ ሌላ ጊዜ ማንንም ሳትጠይቁ ትመርጣላችሁ። አንድ ሞተር ስንት አምፔር እንደሚስብ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የባትሪው ቮልት፣ የሞተሩ ኬቪ፣ የፕሮፔለሩ ስፋትና ዝንባሌ። 1950 ኬቪ ማለት ሞተሩ ያለ ጭነት ለእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ 1950 ዙር ይዞራል ማለት ነው። ባለ 6 ሴል ባትሪ ሲሞላ 25.2 ቮልት ነው። አባዙት፤ ወደ 49,000 ዙር ይመጣል። ፕሮፔለር ሲገጠምበት ዙሩ በብዙ ይወርዳል፣ አምፔሩ ደግሞ ይወጣል። የእናንተ ዓይነት ሞተር በባለ 5 ኢንች ፕሮፔለር ስሮትሉ (የጉልበት ማዘዣው) ሙሉ ሲሰጠው ከ35 እስከ 45 አምፔር ሊስብ ይችላል። ያውም ለአንድ ሞተር። ባለ 30ዋ እዚያ ላይ ጥቂት ሰከንድ ትታገሳለች፣ ከዚያ ታጨሳለች።

ስቲከሩን ስታነቡም ተጠንቀቁ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የአምፔር ቁጥር አለ። አንዱ ሳታቋርጥ የምትችለው ነው። ሌላው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የምትችለው ነው። አንዳንድ አምራች ትልቁን ቁጥር ከፊት በደማቁ ይጽፍና ትንሹን በደቃቅ ፊደል ከኋላ ይጥለዋል። ነጋዴውን "ይሄ ሳያቋርጥ ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። ካላወቀ የዕቃውን ስም ይዛችሁ ራሳችሁ ፈልጉ። ቮልቱንም እዩ፤ እስከ 4 ሴል ብቻ የምትችል ኮንትሮለር ላይ 6 ሴል ከሰካችሁባት የአምፔሩ ቁጥር ምንም ያህል ቢተልቅ አያድናትም። ባለ 60ዋ ክፋት የላትም፣ ክብደትና ዋጋ ነው የምትጨምረው፤ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ውሰዷት።

ለየብቻ አራት ኮንትሮለር ከምትገዙ አራቱም በአንድ ቦርድ ላይ ያሉባትን ብትገዙ ሥራው ይቀላችኋል፣ ሽቦውም ይቀንሳል። ጉዳቷ አንዷ ስትቃጠል ቦርዱ በሙሉ መሄዱ ነው፤ ለዚያ ደግሞ መድኃኒቱ የሚችል ጠጋኝ ማወቅ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ፍሬማችሁ ላይ ያለውን የብሎን ቀዳዳ ለኩ። ባለ 5 ኢንች ላይ የተለመደው 30.5 በ30.5 ሚሊሜትር ነው፣ ትንንሾቹ ላይ 20 በ20። ይህን ሳይለኩ ገዝተው ቦርዱን በፕላስተር ለማሰር የሚሞክሩ ልጆች አይቻለሁ። እባካችሁ እንደዚያ አታድርጉ።

ካፓሲተሩን ደግሞ "በኋላ እንጨምራለን" ብላችሁ አትተዉት። ሞተር ድንገት ፍሬን ሲይዝ ጉልበቱ ወደ ባትሪው መስመር ተመልሶ ይገባል። ቮልቱ ለቅጽበት ከባትሪው በላይ ይዘላል። ያ ዝላይ ነው ሞስፌቶቹን (ኮንትሮለሯ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያበሩና የሚያጠፉትን ትንንሽ ማብሪያዎች) የሚበሳቸው። ለ6 ሴል 50 ቮልት፣ 1000 ማይክሮፋራድ አካባቢ የሆነ፣ ውስጣዊ መቋቋሙ ዝቅተኛ የሆነ ካፓሲተር በባትሪው መግቢያ ላይ በይዱ፤ እግሩን በጣም አሳጥሩት። ጎኑ ላይ መስመር ያለበት እግር ኔጌቲቭ ነው። ከገለበጣችሁት ይፈነዳል።

አሁን ስለ ደብረ ብርሃን። ይህን ሻጩ አይነግራችሁም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚያ ያለው አየር ባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ፕሮፔለር የሚገፋው አየር ስለሆነ በተመሳሳይ ዙር የሚሰጠው ማንሻ ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ባሕር ጠለል ላይ ያለ ሰው "የኔዋ በዚህን ያህል ስሮትል አየር ላይ ትቆማለች፣ ይህን ያህል ደቂቃ ትበራለች" ብሎ የጻፈው እናንተ ጋ አይሠራም። ለመንሳፈፍ ብቻ ዙሩን ከ15 በመቶ በላይ መጨመር አለባችሁ፤ ባትሪውም በዚያው መጠን ቶሎ ያልቃል። ሙሉ ስሮትል ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ስስ አየር ፕሮፔለሩን አጥብቆ ስለማይይዘው አምፔሩ ትንሽ ይቀንሳል። "እኛ ጋ አልሞቀችም" ብላችሁ ግን አትዘናጉ፤ ለምን እንደምል ከሸዋ ሮቢት በመጣው ጥያቄ ላይ ታያላችሁ።

ብርዱም አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ማለዳ ውርጩ ሜዳው ላይ ሳይለቅ ባትሪ ብትሰኩ የሊፖ ባትሪው ውስጣዊ መቋቋም ስለሚጨምር ስሮትል ስትሰጡ ቮልቱ ይወድቅባችኋል። ባትሪውን ጃኬታችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሙቀት ሲያገኝ ሞክሩ።

ጥያቄ፦ ዲሾት 300 ወይስ 600? 1200 የሚሉም አሉ። ካሊብሬሽንስ መሥራት አለብኝ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ዲሾት የድሮኗ አንጎል የሆነው ፍላይት ኮንትሮለር ለስፒድ ኮንትሮለሯ ትእዛዝ የሚልክበት ቋንቋ ነው፤ ቁጥሩ የአላላኩ ፍጥነት ነው። 300 ይበቃሃል። ፍላይት ኮንትሮለርህ በ8 ኪሎሄርዝ የሚሠራ ከሆነ 600 አድርገው። 1200ን እርሳው። ዲሾት ዲጂታል ስለሆነ እያንዳንዱ መልእክት 16 ቢት ነው፤ 11ዱ ስሮትሉን ይይዛሉ፣ አንዱ መረጃ ይጠይቃል፣ የመጨረሻዎቹ 4 ደግሞ መልእክቱ መንገድ ላይ እንዳልተበላሸ ይመረምራሉ። ቁጥር ስለሚላክ ካሊብሬሽን የሚባል ነገር የለም። ካሊብሬሽን (የስሮትሉን ዝቅተኛና ከፍተኛ ጫፍ ለኮንትሮለሯ ማስተማር) የድሮው ትእዛዝ መላኪያ የፒደብሊውኤም ጣጣ ነው። አሁንም ፒደብሊውኤም ብቻ የምትችል ኮንትሮለር የሚሸጥልህ ካለ አትግዛው።

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና ላይ ሞባይል እጠግናለሁ። አንድ ደንበኛዬ ያገለገለች አራት በአንድ ቦርድ አምጥቶ "ቢኤልሄሊ 32 ናት፣ ጥሩ ናት" ብሎ ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ድርጅቱ ተዘግቷል ሲባል ሰማሁ። ልግዛት? ኤኤም32 የሚባለውስ ምንድን ነው?

መልስ፦ ዋጋዋ ከወረደ ግዛት። አንተ ሞባይል ጠጋኝ ስለሆንክ ነው ይህን የምልህ። ለሌላ ሰው ብዙም አልመክርም።

ሁለቱም ኮንትሮለሯ ቺፕ ላይ የሚጫኑ ፈርምዌሮች (ውስጣዊ ፕሮግራሞች) ናቸው። ታሪኩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ላይ ኮንትሮለሮች ለሞዴል አውሮፕላን የተሠሩ ነበሩ፤ ለአራት ሞተር ድሮን ምላሻቸው ቀርፋፋ ነበር። ሳይመን ከርቢ የሚባል ሰው ለ8 ቢት አትሜል ቺፖች ፈርምዌር ጻፈ። ሳይመንኬ ይባል ነበር። ብዙ ሰው የኮንትሮለሩን ፕላስቲክ እየቀደደ ጫነው። ከዚያ ቢኤልሄሊ መጣ። ስሙ እንደሚነግርህ ለትንንሽ ሄሊኮፕተር ተብሎ ነው የተጀመረው። ቀጥሎ ቢኤልሄሊ ኤስ መጣ፣ እሱም 8 ቢት ነው፤ ዛሬም በርካሽ ቦርዶች ላይ ያለው እሱ ነው። ከዚያ 32 ቢት ቺፕ ላይ የሚሠራው ቢኤልሄሊ 32 መጣ። ጥሩ ሥራ ነበር። ግን ዝግ ነው። ኮዱ አይታይም፣ አምራቹም ፈቃድ እየገዛ ነበር የሚጭነው። በፈረንጆቹ 2024 አጋማሽ ድርጅቱ ሥራውን አቆመ። ፈቃድ ቀረ፣ ማሻሻያም ቀረ።

ይህ ማለት በሰው እጅ ያሉት ቦርዶች ሞቱ ማለት አይደለም። ደንበኛህ የያዛት ቦርድ ነገም ትሠራለች። ችግሩ አንድ ስህተት ቢገኝባት የሚያርምልህ የለም። ሴቲንግ ለመቀየርም የድሮውን ፕሮግራም አንድ ቦታ አውርደህ ማስቀመጥ አለብህ። አውርደህ በፍላሽ ያዘው፣ አንድ ቀን ትፈልገዋለህ።

ኤኤም32 ደግሞ ክፍት ነው። ኮዱ ለሁሉም ይታያል፣ ፈቃድ አይገዛም፣ ብዙ ሰው ያሻሽለዋል፤ ዛሬ አምራቾች በአዲስ ባለ 32 ቢት ቦርዶች ላይ የሚጭኑትም እሱን ነው። አሁን ለአንተ የሚጠቅመው ነገር፦ ብዙ የቢኤልሄሊ 32 ቦርዶች ላይ ያለው ቺፕ ኤኤም32 የሚቀበል ዓይነት ነው። ቺፑን በአጉሊ መነጽር እየው። ኤስቲኤም32 ኤፍ051፣ ኤስቲኤም32 ጂ071፣ ጂዲ32 ኢ230 ወይም ኤቲ32 ኤፍ421 የሚል ከሆነ ተስፋ አለው። የራስህን ቦርድ ስም ኤኤም32 ከሚደግፋቸው ዝርዝር ውስጥ ካገኘኸው በርታ።

አሠራሩ በፍላይት ኮንትሮለር በኩል አይሆንም፣ ቺፑ ተቆልፏል። ቦርዱ ላይ ከእያንዳንዱ ቺፕ አጠገብ ትንንሽ የፕሮግራም ነጥቦች አሉ፤ ዳታ፣ ክሎክ፣ ግራውንድ። እዚያ ላይ ቀጭን ሽቦ በይደህ ወይም መርፌ ይዘህ ኤስቲ ሊንክ የምትባለውን ፕሮግራመር ታገናኛለህ፣ ቁልፉን ታነሣለህ፣ ቡትሎደሩን (ፈርምዌሩን የሚቀበለውን ትንሽ ማስነሻ ፕሮግራም) ትጭናለህ፣ ከዚያ ፈርምዌሩን። አራት ቺፕ ስላለ አራት ጊዜ ነው የምትሠራው። ቁልፉን ስታነሣ የድሮው ፈርምዌር ይጠፋል፤ መመለሻ የለውም። የስልክ ቦርድ ላይ ከዚህ የደቀቀ ሥራ ስለምትሠራ እጅህ አይቸገርም።

ለሌሎቻችሁ ግን አዲስ ስትገዙ ከአምፔሩ ቀጥላችሁ "ምን ፈርምዌር ነው ያለባት?" ብላችሁ ጠይቁ። አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ዕቃ መለወጥ ለእኛ ቀላል አይደለም፣ ከውጭ ማስመጣትም የባሰ ነው። በገዛ ላፕቶፓችሁ ልታሻሽሏት የምትችሏት፣ ፈርምዌሯ አንድ ድርጅት ሲዘጋ አብሮ የማይዘጋ ኮንትሮለር ነች ለእኛ የምትሆነው። ባለ 32 ቢት ከሆነች ኤኤም32፤ ባለ 8 ቢት ከሆነች ብሉጄይ የሚባለውን ነፃ ፈርምዌር የምትቀበል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። እናት ነኝ፣ የምኖረው እነዋሪ ነው። ልጄ 11ኛ ክፍል ነው። ክፍሉን ዘግቶ ሽቦ ሲበይድ ያድራል። "ድሮን ነው የምሠራው" ይለኛል። አስጊ ነው? ሕጉስ ምን ይላል? ልከልክለው ወይ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እናታችን። አይከልክሉት። ግን ሦስት ነገር ላይ ጠበቅ ይበሉበት፤ እርስዎ ሲናገሩት ከእኛ ይልቅ ይሰማዎታል።

አንደኛው ባትሪው ነው። ሊፖ የሚባለው ባትሪ ከተጎዳ ወይም ከመጠን በላይ ከተሞላ ይነድዳል፣ እሳቱም በውሃ በቀላሉ አይጠፋም። ቻርጅ አድርጎት አይተኛ፣ አልጋና ፍራሽ ላይ አያድርገው። ሲሚንቶ ወለል ላይ ወይም ብረት ሳጥን ውስጥ ይሁን፣ አሸዋም አጠገቡ ይቀመጥ። አብጦ ካዩት ያ ባትሪ አብቅቶለታል፤ "ትንሽ ይሠራል" ቢልዎት አይስሙት። ሁለተኛው ብየዳው ነው። መስኮቱን ይክፈት። የሚበይድበት ቆርቆሮ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል እጁን በሳሙና ሳይታጠብ እንጀራ አይቁረስ።

ሦስተኛው ሕጉ ነው፣ ይህ ከሁሉም ይበልጣል። ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ በሻንጣ የመጣ ድሮን ቦሌ ላይ ይያዛል። አሁን ባለው የአካባቢያችን ሁኔታ ደግሞ ሰማይ ላይ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ሰው ይደነግጣል። ልጅዎ ምንም ክፉ ሐሳብ የለውም፤ ግን የሰማው ገበሬ ይህን አያውቅም፣ የጸጥታ ኃይሉም አያውቅም። ስለዚህ ያለ ፈቃድ ደጅ አያስነሣት። የጅሩ ሜዳ ሰፊና ለጥ ያለ ነው፣ እንደሚያጓጓው ይገባኛል። ቢሆንም አይሆንም።

እስከዚያ የሚማረው ብዙ ነገር አለ። ሞተሩን ያለ ፕሮፔለር ጠረጴዛ ላይ ማዞር፣ ፈርምዌር መጫን፣ መለካት ይችላል። ማብረሩን ደግሞ በኮምፒውተር ሲሙሌተር ይለማመድ፤ እውነተኛው ሪሞት ከኮምፒውተሩ ጋር ስለሚገናኝ እጁ የሚማረው ያው ነው። ትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ ካለው ከመምህራኑ ጋር ያገናኙት። እንዲህ ያለ ልጅ ብቻውን ክፍል ዘግቶ ከሚቀመጥ የሚያየው ሰው ቢኖር ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ ነው የምጽፍልህ። ባለ 3 ኢንች አለችኝ፣ ፍላይት ኮንትሮለሩና ስፒድ ኮንትሮለሩ በአንድ ቦርድ ላይ ናቸው፣ ቢኤልሄሊ ኤስ ነው ያለባት። ሞተሮቹ ይሞቃሉ፣ ድምፃቸውም ይንቀጠቀጣል። ብሉጄይ ጫኚ ይሉኛል። እንዳላቃጥላት ፈራሁ።

መልስ፦ መፍራትሽ ጥሩ ነው፣ ግን ጫኚው። ለባለ 8 ቢት ኮንትሮለር ከዚህ የተሻለ ነገር በነፃ አታገኚም።

ብሉጄይ የሚሰጥሽ ትልቁ ነገር ሁለት አቅጣጫ የሚሄደው ዲሾት ነው። በዋናው ቢኤልሄሊ ኤስ ፍላይት ኮንትሮለሩ ያዛል፣ ኮንትሮለሯ ትሰማለች፤ አትመልስም። ብሉጄይ ሲጫንባት በዚያው ሽቦ ላይ "አሁን በዚህን ያህል ዙር እየዞርኩ ነው" ብላ ትመልሳለች። ቤታፍላይት (ፍላይት ኮንትሮለሩ ላይ ያለው ፕሮግራም) ይህን ይዞ የየሞተሩን ንዝረት በትክክለኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ ይቆርጠዋል። አርፒኤም ፊልተር የሚባለው ይህ ነው፣ በፈረንጆቹ 2019 አካባቢ የገባ ነው። ፊልተሩ በትክክል ከቆረጠው ንዝረቱ ወደ ሞተሩ ትእዛዝ ሆኖ አይመለስም፤ ሞተሩም ያለ ሥራ ሲንቀጠቀጥ አይሞቅም።

መጀመሪያ ፕሮፔለሮቹን አውልቂ። "ጠረጴዛ ላይ ስለሆነች" አይባልም፣ ሁሉንም አውልቂ። ቦርዱን በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ጋር አገናኚ፣ ከዚያ ባትሪውን ሰኪ፤ ባትሪ ካልተሰካ ኮንትሮለሮቹ አይነሡም። በብራውዘር የሚከፈተውን የኢኤስሲ (የስፒድ ኮንትሮለር) ኮንፊገሬተር ክፈቺና አንብቢያቸው። አሁን የሚመጣልሽን ስም ጻፊው፣ ወይም በስልክሽ ፎቶ አንሺው። "ጂ-ኤች-30" የመሰለ ነገር ነው። የመጀመሪያው ፊደል የቦርዱን አሠራር፣ ሁለተኛው የቺፑን ፍጥነት ይናገራል፤ ኤል ከሆነ ቀርፋፋው፣ ኤች ከሆነ ፈጣኑ። ቁጥሩ ደግሞ አንዱ ሞስፌት ጠፍቶ ሌላው እስኪበራ የሚጠበቀው ቅጽበት ነው። ብሉጄይን ስትመርጪ ይህ ስም ሳይነካ መመረጥ አለበት። በተለይ ያ ቁጥር። አሳንሰሽ ሌላ ብትመርጪ የላይኛውና የታችኛው ሞስፌት አንድ ላይ በርተው ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ በቀጥታ ይገናኛሉ። ብዙ ሰው "ብሉጄይ አቃጠለብኝ" የሚለው ይህን ስም ሳያይ ስለጫነ ነው።

የፒደብሊውኤም ፍሪኩዌንሲ (ከላይ ያልነው የድሮ ትእዛዝ መላኪያ ሳይሆን ሞስፌቶቹ በሰከንድ ስንት ጊዜ በርተው እንደሚጠፉ) ሲጠይቅሽ፣ ቺፑ ኤች ከሆነ 48 ኪሎሄርዝ ምረጪ። 24 ላይ ፍሬኑ ጠንካራ ነው፣ ግን ድምፁ ሻካራ ነው። 96 ለትንንሾቹ የበረራ ጊዜ ይጨምራል ይባላል፣ እውነትም ይጨምራል፤ በዝቅተኛ ስሮትል ላይ ግን ጉልበቷ ይለሰልሳል። መንዝ ላይ ነፋሱ እንዴት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ነፋስ ባለበት ያ ጉልበት ያስፈልግሻል። ቺፑ ኤል ከሆነ 24 ላይ ተዪው።

አራቱንም ከጫንሽ በኋላ ባትሪውን ንቀዪ፣ እንደገና ሰኪ። ቤታፍላይት ውስጥ ባይዳይሬክሽናል ዲሾትን አብሪ፣ የሞተሩን የማግኔት ብዛት አስገቢ። ትልልቆቹ ሞተሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ 14 ነው፣ ትንንሾቹ ላይ 12፤ በግምት አትጻፊ፣ ሞተሩ ደወል ውስጥ ያሉትን ማግኔቶች ቁጠሪ። ቁጥሩ ከተሳሳተ ፊልተሩ የሌለ ንዝረት ላይ ይሠራል። ቤታፍላይት የሞተር ገጽ ላይ የሚታየው የስህተት መጠን ለአራቱም ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የተጠጋ ከሆነ ሥራሽ አልቋል።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ይዘን የእርሻ መሬት ፎቶ ለማንሣት ራሳችን የሠራናት ባለ 7 ኢንች አለች። ደብረ ብርሃን ላይ ምንም አልነበረባትም። ሸዋ ሮቢት ስናወርዳት አንድ ሞተር ስሮትል ስንጨምር ይንተባተባል፣ ሁለት ጊዜ ተገልብጣ ወድቃለች። ኮንትሮለሯ ስትነካ ታቃጥላለች። ሙቀቱ ነው?

መልስ፦ ሙቀቱ አለበት፣ ግን ብቻውን አይደለም። ጣርማ በርን ተሻግራችሁ ስትወርዱ ከ1,500 ሜትር በላይ ነው የወረዳችሁት። ሸዋ ሮቢት ላይ አየሩ ሞቃት ቢሆንም ከደብረ ብርሃኑ ይወፍራል። ፕሮፔለሩ የሚይዘው አየር ስለበዛ ሙሉ ስሮትል ላይ ሞተሩ የሚስበው አምፔር ይጨምራል። ደጋ ላይ ጠርዝ ላይ ቆማ የነበረች ኮንትሮለር ቆላ ላይ ጠርዙን ታልፋለች። እናንተ ጋ የሆነው ይህ ይመስለኛል።

መንተባተቡ ደግሞ ዲሲንክ ይባላል። ብሩሽ የሌለው ሞተር ሦስት ሽቦ አለው። ኮንትሮለሯ በአንድ ጊዜ ሁለቱን ታበራና ሦስተኛውን ነፃ ትተወዋለች። ማግኔቱ ሲያልፍ በነፃው ሽቦ ላይ ትንሽ ቮልት ይፈጠራል። ያ ቮልት ዜሮን ሲያቋርጥ አይታ ነው ማግኔቱ የት እንደደረሰ የምታውቀው፤ ከዚያ ቀጣዩን ጥንድ ታበራለች። አውድማ ላይ በሬ የሚያዞር ልጅ የበሬውን እርምጃ እያየ ካልነዳ በሬዎቹ ይተራመሳሉ፣ ይህም እንደዚያው ነው። ጭነት ሲበዛና ስሮትሉ ድንገት ሲጨመር ያቺ ትንሽ ቮልት በሽቦው ውስጥ በቀረው ኤሌክትሪክ ትሸፈናለች። ኮንትሮለሯ ማግኔቱን ታጣዋለች፣ ሞተሩ ይቆማል፣ ድሮኗ ትገለበጣለች። ትልቅ ፕሮፔለር ለመፍጠንም ለመቆምም ስለሚከብድ ባለ 7 ኢንች ላይ ይህ ይብሳል።

ሴቲንግ ከመነካካታችሁ በፊት ዕቃውን መርምሩ። ያንን ሞተር ፍቱና ከሌላው ክንድ ሞተር ጋር አቀያይሩት። ችግሩ ከሞተሩ ጋር አብሮ ከሄደ ሞተሩ ነው፤ እዚያው ክንድ ላይ ከቀረ ኮንትሮለሯ ወይም ብየዳው ነው። ሞተሩ ከሆነ ብሎኑ ረዝሞ የመዳብ ጥቅልሉን እየነካ እንዳይሆን እዩ፣ ይህ በጣም ይገጥማል። ሦስቱን ሽቦ በአጉሊ መነጽር ተመልከቱ፤ ግራጫ የሆነና ያላንጸባረቀ ብየዳ ካለ እንደገና በይዱት። ካፓሲተሩ ከላይ ካበጠ ቀይሩት።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ወደ ፈርምዌሩ ሂዱ። ዲማግ ኮምፐንሴሽንን ወደ ከፍተኛ አድርጉ፤ ማግኔቱን ያጣች ሲመስላት ጉልበቱን ለቅጽበት ትቀንሳለች፣ ከላይኛው ጉልበት ትንሽ ታጣላችሁ፣ ግን አትወድቅም። የሞተር ታይሚንጉን (ቀጣዩ ጥንድ የሚበራበትን ቅጽበት) አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ። ራምፕ አፕ ፓወሩን (ሞተሩ ሲፈጥን የሚሰጠውን ጉልበት) ደግሞ ቀንሱ፤ ፎቶ ለማንሣት ድንገት መወርወር አያስፈልጋችሁም። ስሮትሉንም ከላይ 80 በመቶ ላይ ገድቡት።

እነዚህን አድርጋችሁም በእጅ የማትነካ ከሆነች ኮንትሮለሯ አንሳለች ማለት ነውና በትልቅ ቀይሯት። ለውጡን እስክታገኙ ድረስ በማለዳ ብቻ አብርሯት፤ ከሁሉ በላይ ከታች ሰው ወይም ከብት ባለበት ማሳ ላይ አታውጧት።

ጥያቄ፦ አንዱ ሞተር በተቃራኒ ይዞራል። ሽቦውን ነቅዬ ልበይደው?

መልስ፦ አያስፈልግም። በኮንፊገሬተሩ ውስጥ አቅጣጫውን ገልብጠው፣ ወይም ቤታፍላይት የሞተር ገጽ ላይ ቀይረው። ላፕቶፕ ከሌለህ ከሦስቱ ሽቦ ማንኛውንም ሁለቱን ማቀያየር ያው ነው።

ጥያቄ፦ ባትሪ ስሰካ "ቢብ ቢብ" ከሚለው ድምፅ ይልቅ የትዝታ ቅኝት ማሰማት ይቻላል ወይ? ጓደኞቼ አይቻልም ይላሉ። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ይቻላል! ያ ድምፅ ከስፒከር አይደለም የሚወጣው፤ ኮንትሮለሯ የሞተሩን ጥቅልል ስታንቀጠቅጠው ነው። ብሉጄይም ኤኤም32ም የራስህን ዜማ እንድታስገባ ይፈቅዱልሃል። ዜማው የሚጻፈው ድሮ ኖኪያ ስልኮች የጥሪ ዜማ በሚጽፉበት አርቲቲቲኤል በሚባለው አጻጻፍ ነው። ትዝታ ሜጀር አምስት ድምፅ ብቻ ስለሆነ ይመቻል፤ ከዶ ከጀመርክ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋ እና ሲን አትንካ። ብሉጄይ ላይ ለአራቱም ሞተር የተለያየ መስመር መስጠት ትችላለህ። አንዱ ዜማውን ሲይዝ ሌላው ዝቅ ብሎ ዶን ይያዝ። አጭር አድርገው፣ ቦታው ትንሽ ነው። የድምፅ ጉልበቱንም ከመካከለኛ አታሳልፈው፤ ጥቅልሉ ቆሞ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይሞቃል፣ ትንንሽ ሞተሮች ደግሞ በዚህ ሊቃጠሉ ይችላሉ።